በላስታ ምድር የወደቁ፦ የጦር ሜዳ ሟች ሕይወት እንዴት ይታሰባል?

የዚህ ንግግር ጉዳይ በጦር ሜዳ የወደቀ ሰው ነው። ዓላማውም ሕይወቱ ከሞቱ በኋላ በማን ዘንድ፣ በምን መልክ ተጠብቆ እንደሚቆይ መመርመር ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ከላስታና ከጎረቤቱ ከዋግ ሲሆን፣ ዘመኑ በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 የቆየው የጣሊያን ወረራ ነው። በመጀመሪያ በዚህ ደጋ የወደቁ የሁለት መኳንንት ታሪክ ይነገራል። ቀጥሎ ለቅሶ ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት የሟቹን መታሰቢያ እንዴት እንደሚይዙ በየተራ ይታያል። በመጨረሻም ከሦስቱም ደጅ ብዙ ጊዜ ስሙ የማይገኘው ተራው ወታደር ይነሣል።

ጦርነቱ ወደ ላስታ የደረሰው በሽንፈት መንገድ ነው። የጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻግሮ ከገባ በኋላ፣ የሰሜኑ ግንባር ኃላፊነት በራስ ካሣ ኃይሉ ላይ ወደቀ። በየካቲት ወር አምባ አራዶም ተያዘ፤ ወሩ ሳያልቅም በሁለተኛው የተምቤን ጦርነት የራስ ካሣና የራስ ሥዩም ጦር ተፈታ። መጋቢት 22 ቀን በማይጨው የተደረገው ውጊያ የመጨረሻው ትልቅ ሙከራ ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ደቡብ ያፈገፈገው ሠራዊት በአሸንጌ ሐይቅ ዙሪያ ከአውሮፕላን በቦምብና በሰናፍጭ ጋዝ ተመታ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው የፋሲካ ሰሞን ከመንገዳቸው ወጣ ብለው ላሊበላ ገቡ፤ ጥቂት ቀንም በጸሎት ሰነበቱ። ሚያዝያ 24 ቀን ደግሞ ወደ ስደት ወጡ። ንጉሡ ሲሄዱ ግን በየአውራጃው የቀረ መሣሪያ የያዘ ሰው ብዙ ነበር፤ የዚህ ንግግር ሁለት ሟቾችም ከእነዚያ ከቀሩት ውስጥ ናቸው።

የመጀመሪያው ደጃዝማች ወንድወሰን ካሣ፣ የራስ ካሣ ኃይሉ የበኩር ልጅ ናቸው። ራስ ካሣ በእናታቸው በኩል የሸዋው የራስ ዳርጌ የልጅ ልጅ ሲሆኑ፣ በአባታቸው በደጃዝማች ኃይሉ ወልደ ኪሮስ በኩል ግን ከላስታ መሳፍንት ወገን ነበሩ። ስለዚህ ወንድወሰን በላስታ ሲዋጉ እንደ እንግዳ ሹም አልነበረም፤ የአያታቸው አገር ነው። አባታቸው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሲሰደዱ ልጆቹ አገር ውስጥ ቀሩ። ወንድወሰን በላስታ ጫካና ገደል የቻሉትን ያህል ከቆዩ በኋላ በታኅሣሥ 1929 መጀመሪያ ተይዘው በጥይት ተገደሉ። ሁለቱ ወንድሞቻቸው፣ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ካሣ፣ ሕይወታቸው እንደሚጠበቅ ቃል ተገብቶላቸው እጃቸውን ሰጡ። ያም ቃል ታጥፎ ታኅሣሥ 12 ቀን በፍቼ ተገደሉ። አንድ አባት በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ወንዶች ልጆቹን አጣ፤ ወሬውም የደረሰው በባዕድ አገር ነው።

ሁለተኛው ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ናቸው። የዋጉ ገዥ የዋግሹም ከበደ ተፈራ ልጅ ሲሆኑ፣ ቤቱ ዘሩን ከዛግዌ ነገሥታት የሚቆጥር፣ ዋግንም ለብዙ ትውልድ የገዛ ቤት ነው። በየካቲት 23 ቀን 1888 በዓድዋ የዋግንና የላስታን ጦር የመሩት ዋግሹም ጓንጉል የዚሁ ቤት ሰው ነበሩ። በ1929 ክረምት በጎጃም፣ በቤጌምድርና በላስታ ሕዝቡ በአንድ ሰሞን ተነሣ። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የካቲት 12 በአዲስ አበባ የተደረገው ጭፍጨፋና እርሱን ተከትሎ በመኳንንቱና በካህናቱ ላይ የወረደው ግድያ፣ እጅን ሰጥቶ መኖርም ዋስትና እንደሌለው አሳይቶ ነበር። መሣሪያ ማስፈታቱ ገበሬውን አስቆጥቶታል። ወንዝ ሲሞላና መንገድ ሲበላሽ ደግሞ የጠላት መኪና እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። በዋግና በላስታ የተነሣውን ጦር ከመሩት ዋነኛው ደጃዝማች ኃይሉ ነበሩ፤ በመስከረም 1930 ተገደሉ። አንገታቸው ተቆርጦም በሰቆጣና በኮረም የገበያ አደባባይ ለሕዝብ ታየ።

ገዳዮቹ ገበያ መሐልን የመረጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። በዚያ ዘመን በደጋው አገር ወሬ የሚሰራጨው በሳምንቱ ገበያ ነበር። ጨው ሊገዛ የመጣ ገበሬ ያየውን ይዞ በማግሥቱ በየቀበሌው ይገባ ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ገበያ የታየ ነገር በሳምንት ውስጥ የአውራጃው ሁሉ ወሬ ይሆን ነበር። የታሰበው ሰውየውን የሽንፈት ምልክት ማድረግ ነበር። ነገሩ በተቃራኒው ሄደና ኃይሉ ከበደ የአርበኝነት ምልክት ሆኑ። ቢሆንም ጠላት በአንድ ነገር ተሳክቶለታል ማለት ይቻላል፦ ዛሬም ስለ እርሳቸው ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚነገረው አንገታቸው መቆረጡ ነው። የአሟሟቱ ክፋት የሕይወቱን ታሪክ ሸፍኖታል። ከዚያ በፊት የነበረው ሰው፣ ማለትም የዋግ ቤት ልጅ፣ አስተዳዳሪው፣ አባቱ፣ ተዋጊው፣ ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አያገኝም። በጦርነት የወደቀን ሰው በማሰብ ሥራ ውስጥ ዋናው ችግር ይህ ነው። መታሰቢያ የሚይዘው ሞቱ የደረሰበትን ሰዓት ነው፤ የሞተው ግን ሠላሳና አርባ ዓመት የኖረ ሰው ነው።

ይህን ችግር የአገሩ ሰው ሳያውቀው አልቀረም፤ መፍትሔውንም በመጀመሪያ ያበጀው በለቅሶ ቤት ነው። ወደዚያ የሚገባው በመርዶ ነው። ሩቅ አገር የሞተ ወታደር ሞቱ በቀጥታ ለቤተሰቡ አይነገርም። ወሬውን የሰማ ሰው ለሽማግሌ ያደርሳል፤ ሽማግሌዎች ነገሩ እውነት መሆኑን ያጣራሉ፤ ከዚያም ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚነገር ይመክራሉ። እናቱ ታማ ወይም ሚስቱ ነፍሰ ጡር ከሆነች ወሬው ይቆያል። ቀኑ ሲቆረጥ ጎረቤትና ዘመድ ጎህ ሳይቀድ በቤቱ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ የሚናገረውም ሰው የሚሰማውም ሰው ብቻቸውን አይሆኑም። ይህ ሥርዓት ለሐዘንተኛው ከማዘን በተጨማሪ ሌላ ጥቅም አለው። ከመረዳቱ በፊት የሚደረገው ማጣራት የምስክርነት ሥራ ነው፤ ማን አየው፣ የት ወደቀ፣ ማን ቀበረው የሚለው ጥያቄ መጀመሪያ የሚጠየቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ከመርዶው በኋላ የሚቀጥለው ለቅሶ የሟቹን አስከሬን ሊያገኝ አይችልም፤ ስለዚህ በምትኩ ዕቃው ይወጣል። ልብሱ፣ ጠመንጃው፣ ቀድሞ ጋሻና ጦሩ፣ ባለ ፈረስ ከሆነም በቅሎውና ፈረሱ ተጭነው በለቅሶው መካከል ይዞራሉ። አልቃሿ ሙሾ ታወጣለች፤ ወንዶቹ ቀረርቶና ፉከራ ያሰማሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚነገረው ነገር በደንብ ሲታይ የሕይወት ታሪክ ነው። ዘሩ በአባትም በእናትም ይቆጠራል። የተወለደበት አገር ይጠራል። እንግዳ ተቀባይነቱ፣ ለድሃ ያደረገው፣ ከማን ጋር ተጣልቶ እንዴት እንደታረቀ ይወሳል። ስመ ጥር ከሆነ በፈረስ ስሙ ይጠራል፤ ራስ አሉላ «አባ ነጋ»፣ ዳግማዊ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እንደተባሉት። ለቅሶ ቤቱ የሚያስታውሰው ሰው በደጁ የኖረውን፣ ሰው የሚያውቀውን ሰው ነው። ጉድለቱም እዚያው ላይ ነው፦ ዓመተ ምሕረት አይዝም፣ ደካማ ጎንን አይናገርም፣ ሙሾዋን የምታውቅ ሴት ስታልፍም አብሮ ያልፋል። የቤተሰብ መታሰቢያ ከዚህ የሚሻገረው በአብዛኛው በስም ነው። በራስ ካሣ ቤት ከግድያው የተረፈው ልጅ አስራተ ካሣ ልጅ ሲወልዱ፣ አስፋ ወሰን የሚለው ስም በዚያ ቤት እንደገና ተጠራ።

መርዶ ካልመጣስ? ጦርነት ከሚተዋቸው ጉዳቶች ሁሉ ለቤተሰብ የከፋው ይህ ነው። ያልተረዳ ቤተሰብ ማልቀስ አይችልም፤ ተዝካር ማውጣት አይችልም፤ የሟች ሚስትም ባል ያላት ትሁን የሌላት ሳይታወቅ ትኖራለች። ከ2013 እስከ 2015 የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ይህን ነገር በላስታ በራሱ ላይ መልሶ አሳይቷል፤ ላሊበላ በእነዚያ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራ ነበር። ጥቅምት 23 ቀን 2015 በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላም በሁሉም ወገን ልጁን የሚጠብቅ ቤት ነበር። በትግራይ ጊዜያዊው አስተዳደር በጥቅምት 2016 የሦስት ቀን ሐዘን አውጆ የወደቁትን ታጋዮች መርዶ በአንድ ጊዜ ለቤተሰቦች አደረሰ። አንድ የአስተዳደር አካል ጎህ ሳይቀድ በሽማግሌ የሚሠራውን ሥራ በአዋጅ ሊሠራው መገደዱ፣ የቁጥሩንም ብዛት የመርዶንም አስፈላጊነት ያሳያል።

ከለቅሶ ቤት ቀጥሎ ሟቹን የሚቀበለው ቤተ ክርስቲያን ነው። እዚያ የሚገባው ግን በሌላ ስም ነው። ፍትሐቱ የሚደረገው፣ መጽሐፈ ግንዘቱ የሚነበበው፣ በቅዳሴም የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። የጦር ማዕርጉና የፈረስ ስሙ እደጅ ይቀራሉ። መታሰቢያውም የቀን ሥርዓት አለው፤ ሣልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያለ እስከ ሰባት ዓመት ይሄዳል። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው የአርባው ተዝካር ነው፤ ጠላ ይጠመቃል፣ ዳቦ ይጋገራል፣ ካህናትና ነዳያን ይበላሉ። ሀብት ላለው ቤት ክብር ሲሆን፣ ባሏ በዘመቻ ለሞተባት ድሃ ሴት ግን በሬ የሚያሸጥ ዕዳ ሊሆን ይችላል። የመታሰቢያ ወጪ በሕይወት ያሉትን እንዳይጎዳ በሚል ስለ ተዝካር የሚነሣው ክርክር የቆየውም ለዚህ ነው።

የቤተ ክርስቲያን መታሰቢያ ትልቁ ጸጋው እኩልነቱ ነው። በክርስትና ስም ሲጠሩ ደጃዝማቹም ከበቅሎው ኋላ ይሄድ የነበረው አሽከርም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ገብረ ማርያም ወይም ወልደ ጊዮርጊስ ሊሆኑ ይችላሉ። ላስታ ለዚህ የሚታይ ምሳሌ አለው። በይምርሐነ ክርስቶስ ዋሻ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ የብዙ ሰው አፅም አለ፤ በቅዱሱ ስፍራ ማረፍን የፈለጉ ምእመናን ናቸው ተብሎ ይታመናል። በላሊበላም በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ በተፈለፈለው ግድግዳ ውስጥ የመቃብር ክፍሎች አሉ። እነዚህ ሰዎች ስማቸው አይታወቅም፤ ተረስተዋል ግን አይባልም፤ በየዕለቱ ስለ ሙታን በሚደረገው ጸሎት ውስጥ አሉ። ይህ መታሰቢያ ነፍስን ይጠብቃል፤ ታሪክን ግን ለመጠበቅ የቆመ አይደለም። ገብረ ማርያም በማይጨው ይውደቅ ወይም በእርጅና አልጋው ላይ ይሙት፣ ለጸሎቱ ልዩነት የለውም።

ሦስተኛው የመታሰቢያ ባለቤት መንግሥት ነው። መንግሥት ሟቹን የሚጠራው በማዕርጉና በአባቱ ስም ነው፤ የሚያስበውም በሐውልት፣ በበዓልና በተቋም ስያሜ ነው። ከድል በኋላ በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ ለየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ቆመ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የአርበኞች መካነ መቃብር ሆነ፤ በደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠራ። ሐውልት ሙሾ የማይችለውን ይችላል፦ የሚያውቁት ሰዎች ካለፉ በኋላ ይቆማል፤ ቤተሰብ ያልሆነውም ሰው ያነበዋል፤ ከሌላ አውራጃ የመጣ ተማሪም «የእኔ ነው» ይለዋል።

መንግሥት ግን ሟቾቹን የሚመርጠው በሕያዋን ጉዳይ ነው። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ስለሆነ በዘመናቸው የድል በዓል ሆኖ ተከበረ። ደርግ ሥልጣን ሲይዝ በዓሉን ከንጉሡ መግቢያ ለመለየት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። የሞቱት ሰዎች ያው ናቸው፤ የተቀየረው የሚያስባቸው ወገን ነው። ከማዕከል ርቆ የወደቀ አርበኛም በዚህ ምርጫ ይጎዳል። የኃይሉ ከበደና የወንድወሰን ካሣ ታሪክ በዋግና በላስታ የታወቀ ሲሆን፣ በመላ አገሪቱ የትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የሚያገኘው ቦታ ግን በጣም ጠባብ ነው።

እስካሁን የተነገረው ስማቸው ስለሚታወቅ ሰዎች ነው። አሁን ንግግሩ ወደ መጨረሻው ክፍል፣ ስሙ ወደማይታወቀው ወታደር ይሻገራል። በ1928 ክተት ሲታወጅ ከላስታ የወጣው ገበሬ በደመወዝ የሚኖር ወታደር አልነበረም። በጭቃ ሹሙ ተጠርቶ፣ በሶውንና ድርቆሹን በራሱ ስንቅ ቋጥሮ፣ ውጅግራ ወይም ምንሽር ካለው ይዞ፣ ከሌለው ጎራዴውን ታጥቆ የአለቃውን ሰንደቅ ተከተለ። ሚስቱ ወይም ታናሽ ወንድሙ ስንቅ ተሸክመው አብረውት የሄዱም ብዙ ናቸው። ይህ ሠራዊት እንደ ዘመናዊ ጦር ሰው በሰው የተጻፈ መዝገብ አልነበረውም። አለቃው ስንት ጠመንጃ እንዳስከተለ ያውቃል፤ የእያንዳንዱ ሰው ስምና አገር ግን በጓደኞቹ ልብ ውስጥ ብቻ ነበር። ፉከራውም ይህንኑ ያሳያል፤ ወታደሩ በጦር ሜዳ ሲፎክር «የእገሌ አሽከር» ብሎ የጌታውን ስም ይጠራል። ሲሞትም ሞቱ በጌታው ታሪክ ውስጥ ይገባል፦ «የራስ ካሣ ጦር በተምቤን ብዙ ሰው አለቀበት» ይባላል፤ ያ ብዙ ሰው ማን ማን እንደነበረ ግን አይነገርም።

ልዩነቱን ለማየት ከዚያ ጥቂት ዓመት ወረድ ብሎ የቃኘው ሻለቃን መመልከት ይበቃል። ከ1943 ጀምሮ ወደ ኮሪያ የተላኩት የክብር ዘበኛ ወታደሮች ከ120 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል። የሞቱት አስከሬናቸው ወደ አገር ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል፤ ስማቸውም አንድ በአንድ ይታወቃል። ከማይጨው ሟች ይልቅ የኮሪያው ሟች የታወቀው በጀግንነት ስለበለጠ አይደለም። የኮሪያው ሟች በመዝገብ የዘመተ ሲሆን የማይጨው ሟች ያለ መዝገብ ዘምቷል።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ይህ ነገር ጥንታዊ አይደለም። በአውሮፓ ተራ ወታደር ለብዙ ዘመን በጅምላ ጉድጓድ ይቀበር ነበር፤ ሐውልት የሚሠራው ለጄኔራሉ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ እንግሊዞች የጦር መካነ መቃብር ኮሚሽን አቋቋሙ። ኮሚሽኑ መኮንኑና ተራው ወታደር በአንድ ዓይነት ድንጋይ ሥር እንዲያርፉ፣ አስከሬኑ ያልተገኘውም ስሙ በግድግዳ ላይ እንዲቀረጽ ወሰነ። በአዲስ አበባ ጉለሌ የሚገኘው የጦር መካነ መቃብር የዚሁ ሥርዓት ውጤት ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1920 በለንደን፣ በ1921 በፓሪስ የተቀበረው «ያልታወቀው ወታደር» ደግሞ ስሙ ላልታወቀው ሁሉ ወኪል ሆነ። ከዚህ ልምድ ሊወሰድ የሚገባው የድንጋዩ ቅርጽ ሳይሆን መርሁ ነው፤ የሞተ ሁሉ በስሙ መጠራት ይገባዋል።

ይህን መርሕ በላስታ ለመፈጸም አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ሦስቱ የመታሰቢያ ባለቤቶች የያዙትን አንድ ላይ ማምጣት ይበቃል። ለቅሶ ቤቱ ዘሩን፣ ጠባዩንና የመርዶውን ምስክር ይሰጣል። ደብሩ የክርስትና ስሙንና ተዝካሩ የወጣበትን ወር ይሰጣል። ወረዳውና ትምህርት ቤቱ ጽሕፈቱን፣ ማስቀመጫ ቦታውንና ተተኪ አንባቢውን ይሰጣሉ። ለአንድ ሟች የሚጻፈው ነገር ረጅም መሆን የለበትም፦ የት ተወለደ፣ ወላጆቹ እነማን ናቸው፣ በሰላሙ ጊዜ ሥራው ምን ነበር፣ ማንን አግብቶ ማንን ወለደ፣ ከማን ጋር ዘመተ፣ መጨረሻ የታየው የት ነው፣ ያየው ማን ነው፣ ከእርሱ ምን ቀረ። ሞቱ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ ይጻፋል እንጂ ሁሉንም አይሸፍንም።

ሥራው እንደ ዘመኑ ይለያያል። ለ1928ቱ ዘመቻ ሟቾች የዓይን ምስክር አልቋል፤ የቀሩት የሰሙ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው። ስለዚህ የአንዱን ቃል በሌላው ማመሳከር፣ «በማይጨው ጊዜ»፣ «ጣሊያን በገባ ዓመት» የሚለውን የዘመን አቆጣጠር ከታወቀ ቀን ጋር ማስታረቅ፣ ያልተረጋገጠውንም «ይባላል» ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ለቅርቡ ጦርነት ሟቾች ግን አብሮ የዘመተው፣ መርዶውን የነገረው ሽማግሌ፣ እናቱና ሚስቱ ዛሬ በሕይወት አሉ። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ከሁሉ በፊት ጊዜ ሳያልፍ መጻፍ ነው፤ የሟቹ ወገን የትኛውም ቢሆን፣ በየደብሩና በየቀበሌው፣ ሰው በሰው።